ለእንግዳ የተዘጋው ሰዓት፦ የሴንት ፒተርስበርግ የሕፃናት ቤቶች ጉዳይ

በሩ ይከፈታል። ከዚህ በፊት አይታችሁ የማታውቅ የሁለት ዓመት ልጅ እጇን ዘርግታ ወደ እናንተ ትሮጣለች። እግራችሁን ታቅፋለች። ስታነሷት አንገታችሁ ላይ ጥምጥም ትላለች። አንጀታችሁ ይንሰፈሰፋል። ከዚያ አገራችሁ ስትመለሱ "ልጆቹ በአንድ ቀን ለመዱኝ እኮ!" እያላችሁ ታወራላችሁ።

ውጭ አገር ሕፃናት ማሳደጊያ ሄደው በበጎ ፈቃድ ካገለገሉ ሰዎች ይህን የመሰለ ታሪክ ያልሰማ ጥቂት ነው። ነገሩ ግን ደስ የሚል ብቻ አይደለም። እናቱ ጉያ ያደገ የሁለት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም። እንግዳ ሲገባ ከእናቱ ኋላ ይሸጎጣል። ቆይቶ፣ እሷ ስትስቅ ካየ፣ በአንድ ዓይኑ አጮልቆ ይመለከታል። ለመጣው ሁሉ የሚጠመጠም ልጅ "የኔ" የሚለው ሰው አጥቶ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎቹ ይህን የሚመዘግቡት እንደ ምልክት ነው።

የማወራችሁ ጉዳይ ከዚህ ይነሳል። ቦታው ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። ጊዜው ደግሞ ከ2000 በኋላ ያሉት ዓመታት (አቆጣጠሩ ሁሉ የአውሮፓውያን ነው)። ከአሜሪካ የመጡ ባለሙያዎች ከከተማዋ ባለሙያዎች ጋር ሆነው በሦስት የሕፃናት ቤቶች ሥራ ጀመሩ። ሥራቸው ልጆቹን ማቀፍ አልነበረም። እኔን የሳበኝም ይኸው ነው።

ምንም ያልጎደለባቸው ቤቶች

በሩሲያ "ዶም ሬብዮንካ" ይሏቸዋል፤ የሕፃን ቤት ማለት ነው። ከተወለዱ ጀምሮ እስከ አራት ዓመት ገደማ ያሉ ልጆች ይኖሩባቸዋል። በዚያን ጊዜ የሚተዳደሩት በጤናው ዘርፍ ስለነበር የቤቱ ኃላፊ ዋና ሐኪም ነበር። አራት ዓመት ገደማ ሲሞላው ልጁ በጉዲፈቻ ካልሄደ ወይም ቤተሰቡ ካልወሰደው ወደ ትልልቆቹ ማሳደጊያ ይዛወር ነበር።

አብዛኞቹ ልጆች ደግሞ ወላጅ የሞተባቸው አይደሉም። ሩሲያውያን ለዚህ "ማኅበራዊ ወላጅ አልባ" የሚል ስም አላቸው። ወላጁ በሕይወት እያለ ልጁ ማሳደጊያ ሲገባ ነው። ድህነት አለ፣ መጠጥ አለ፣ ልጁ አካል ጉዳተኛ ሆኖ ሲወለድ ትቶት መሄድ አለ፣ ፍርድ ቤት የወላጅነትን መብት መንጠቁም አለ።

ሕፃናት ማሳደጊያ ሲባል ብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው በ1990 ከሮማኒያ የወጡት ምስሎች ናቸው። በብረት አልጋ የታጎሩ፣ የከሱ፣ ራሳቸውን እያወዛወዙ የሚቀመጡ ልጆች። የሴንት ፒተርስበርግ ቤቶች እንደዚያ አልነበሩም። ንጹሕ ናቸው። ምግቡ በቂ ነው። ሐኪም አለ። አሻንጉሊትም አለ! ይህንን አስምሩበት፤ አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ሻንጣውን የሚሞላው በአሻንጉሊት ነውና።

ታዲያ ልጆቹ ለምን አላደጉም? ክብደታቸው ዝቅተኛ፣ ቁመታቸው አጭር ነበር። ንግግራቸው ዘግይቷል። የዕድገት መለኪያ ሲሠራላቸው፣ ይህ ነው የሚባል የአካል ጉዳት የሌለባቸው ልጆች እንኳ በአማካይ 57 ነው ያመጡት። የእኩዮቻቸው አማካይ 100 ነው። ሆዳቸው ጠግቦ፣ አልጋቸው ንጹሕ ሆኖ ማለት ነው።

መልሱ የሥራ ፈረቃው ላይ ተጽፎ ነበር።

ከአራት ቀን አንድ ቀን

ብዙዎቹ ሞግዚቶች 24 ሰዓት ሠርተው ሦስት ቀን ያርፋሉ። ለሠራተኛ የሚመች ፈረቃ ነው፤ ሦስት ቀን ቤትህ ትውላለህ። በልጁ ዓይን ሲታይ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ያለበሰችው ሴት ነገ የለችም። ከነገ ወዲያም የለችም። እሷ እስክትመለስ ሦስት ሌሎች ሴቶች ያልፋሉ። አንዷ ስትታመም ወይም ዓመት እረፍት ስትወጣ ደግሞ ከሌላ ክፍል ተተኪ ትመጣለች።

በአንድ ክፍል ከ12 እስከ 14 ልጆች አሉ። ልጁ መዳህ ሲጀምር ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ መራመድ ሲችል እንደገና። ማደጉ ራሱ የሚያውቃቸውን ሰዎች ያስቀማዋል። አጥኚዎቹ ሲቆጥሩ አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከ60 እስከ 100 በሚደርሱ የተለያዩ ሞግዚቶች እጅ ያልፋል።

መቶ ሴት! እስቲ በሕይወታችሁ ዳይፐር የቀየሩላችሁን ሰዎች ቁጠሩ።

ሞግዚቶቹ ክፉዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ የራሳቸውን ልጆች ያሳደጉ፣ በዕድሜ የበሰሉ ሴቶች ናቸው። ግን ሥራው ሥራ ነው። ልጁን ታነሳዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ አልጋው ላይ ትመልሰዋለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ማንኪያው ቶሎ ቶሎ ይመላለሳል፤ ተራ የሚጠብቁ አሉ። ዓይን ለዓይን መተያየት ትንሽ ነው። ወሬ የለም። ሕፃኑ "አጉ" ሲል የሚመልስለት የለም፤ ቆይቶ እሱም ይተወዋል።

ከዚህ ጀርባ አንድ እምነትም ነበር። ልጁን አታልምጂው፣ ነገ ሲሄድ እሱም አንቺም ትጎዳላችሁ የሚል። ጭካኔ አይደለም፤ ብዙ ልጅ ሸኝቶ ልቡ የደከመ ሰው የሚያወጣው ሕግ ነው። እኔ በዚህ አልፈርድም። ግን የሕጉ ዋጋ የሚከፈለው በልጁ ነበር።

ምን ተደረገ?

ከአሜሪካ በኩል የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲዎቹ ክርስቲና ግሮርክና ሮበርት ማኮል ነበሩ። ከሩሲያ በኩል የሴንት ፒተርስበርግ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ሪፍካት ሙሃሜድራሂሞቭና ኦሌግ ፓልሞቭ፣ እንዲሁም ከሕፃናት ቤቶቹ የአንዱ ዋና ሐኪም የነበሩት ናታሊያ ኒኪፎሮቫ። ገንዘቡ በዋናነት ከአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም ነው የመጣው። የጥናቱ ዋና ዘገባ በ2008 ታተመ።

ሦስቱን ቤቶች ሦስት ዓይነት አደረጓቸው። በአንደኛው ሞግዚቶቹ ሰለጠኑ፣ የሥራው አደረጃጀትም ተቀየረ። በሁለተኛው ስልጠና ብቻ ተሰጠ። ሦስተኛው እንደነበረ ቀጠለ።

ስልጠናው አሜሪካዊ መጥቶ ትምህርት ሰጥቶ የሚሄድበት አልነበረም። መጀመሪያ የየቤቱ ባለሙያዎች ሰለጠኑ፤ እነሱ ደግሞ የራሳቸውን ሞግዚቶች በራሳቸው ቋንቋ አሰለጠኑ። ክፍል ድረስ ገብተው እየተከታተሉም ያርሙ ነበር። ይዘቱ ሲሰሙት ቀላል ነው። ዳይፐር ስትቀይሪ አውሪው። ድምፅ ካወጣ መልሺለት። ኳሱን ካየ አንቺም ኳሱን እዪ፤ አንቺ የመረጥሽለትን አሻንጉሊት አትደንቅሪበት። ሲያለቅስ አንሺው። ሌላ ተጨማሪ ሰዓት አይጠይቅም፤ ማጠቡም ማብላቱም የነበረ ሥራ ነው። የተለወጠው አሠራሩ ነው።

ከባዱ የአደረጃጀቱ ለውጥ ነበር። ከ12 እስከ 14 ልጆች የነበሩበት ክፍል ለሁለት ተከፍሎ ስድስት ሰባት ልጆች ሆነ። ለያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዋና ሞግዚቶች ተመደቡ። እነዚህ ሁለቱ የ24 ሰዓቱን ፈረቃ ትተው በሳምንት አምስት ቀን መምጣት ጀመሩ፤ ልጁ ነቅቶ ባለበት ሰዓት ሁሉ ማለት ይቻላል ከሁለቱ አንዷ እንድትኖር ተደርጎ። ልጆችን ከክፍል ክፍል ማዛወር ቀረ። ትንሹና ትልቁ፣ አካል ጉዳተኛውና ጉዳት የሌለበት፣ በአንድ ቡድን ተቀላቀሉ።

ሦስት ቀን እረፍት የለመደች ሴት በየቀኑ እንድትመጣ ስትጠየቅ ምን እንደሚሰማት ማንም ሠራተኛ ያውቀዋል። የፈረቃ ሠንጠረዥ መንካት የሰው ኑሮ መንካት ነው። "ልጆቹን ውደዱ" ብሎ መምከር በጣም ይቀላል። የዚህ ሥራ ሰዎች ሠንጠረዡን መንካታቸው ነው ከሌላው የለያቸው።

የተዘጋው በር

ከለውጦቹ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማስበው አንዱን ነው። "የቤተሰብ ሰዓት" ይሉታል። ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል። በዚያ ሰዓት ልጆቹና ሞግዚቶቻቸው ብቻቸውን አብረው ይሆናሉ። ይጫወታሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ። እንግዳ አይገባም።

ምን ማለት እንደሆነ አያችሁ? የቀኑ ምርጥ ሰዓት ከውጭ ለሚመጣ ሰው ዝግ ነው። ካሜራ የያዘውም፣ ከረሜላ የያዘውም፣ ቅን ልብ የያዘውም ውጭ ይቆያል። ምክንያቱም አዲስ ሰው ክፍል ሲገባ የልጆቹ ዓይን ሁሉ ወደሱ ይዞራል። ሞግዚቷም ትነሳለች፣ ታስተናግዳለች፣ ልጆቹን ታሳያለች። በዚያች ቅጽበት እሷ አስተናጋጅ፣ ልጆቹ ትርኢት ይሆናሉ። እንግዳው ሲሄድ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሰው ከሕይወታቸው ጎደለ።

ለሦስት ሳምንት የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ ከዚህ አንጻር ማነው? ከመቶዎቹ ሴቶች መቶ አንደኛዋ። ጥሩ ልብ ያላት መቶ አንደኛ። ይህን ስል ይከፋኛል፤ እንዲህ ያለ ጉዞ ያደረጉና ለዓመታት ገንዘብ ሲልኩ የኖሩ ቅን ሰዎች ሞልተዋል። ግን ልጁ ቅንነታችንን አያይም። የሚያየው መምጣታችንንና መሄዳችንን ነው።

የወጣው ውጤት

ሙሉ ለውጥ በተደረገበት ቤት፣ ጉዳት የሌለባቸው ልጆች የዕድገት ነጥብ በአማካይ ከ57 ወደ 92 ወጣ። አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከ23 ወደ 42። እዚያ ረዘም ያለ ጊዜ የቆዩት የበለጠ አተረፉ።

ስልጠና ብቻ ባገኘው ቤትም መሻሻል ነበር፤ ግን በጣም ያነሰ። ማውራትና ማቀፍ የተማረችው ሞግዚት ያንኑ የቆየ ፈረቃ ነው የምትሠራው፤ የተማረችውን የምትሠራበት ልጅ በየቀኑ አይጠብቃትም።

አንድ ነገር በተለይ አስገረመኝ። ቁመታቸውና ክብደታቸውም ጨመረ። ምግቡ ሳይቀየር፣ ሕክምናው ሳይቀየር። ሰውነት ያለማቋረጥ በጭንቀት ውስጥ ሲኖር ዕድገቱን እንደሚገታ ሐኪሞች ያውቃሉ። እዚህ ያው ምግብ፣ ያው ማንኪያ፣ የሚያበላው እጅ ብቻ የታወቀ እጅ ሲሆን ልጁ ቁመት ጨመረ።

ልጆቹ ከሞግዚቶቻቸው ጋር ያላቸው ቁርኝትም ተለወጠ። ሲፈራ ወዴት መሮጥ እንዳለበት ግራ የሚገባው ልጅ ቁጥር ከሌሎቹ ቤቶች ያነሰ ሆነ።

ሞግዚቶቹስ? "አትልመጂ" የሚለው ሕግ ሲነሳ ይጎዳሉ ተብሎ ነበር የተፈራው። የታየው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ቀነሰ፣ ስለ ሥራቸው ያላቸው ስሜትም ተሻሻለ። ሲታሰብ አያስገርምም። ቀኑን ሙሉ ማንነቷን ለማያውቁ 12 ልጆች ዳይፐር መቀየርና ስትገባ የሚስቅላት ልጅ ማግኘት አንድ ሥራ አይደሉም።

የማይረሱ ቅሬታዎች

ጥናቱ እንከን የለሽ አይደለም። ሦስቱ ቤቶች የተመደቡት በዕጣ አልነበረም። ሥራው የሠመረው የቤቱ ዋና ሐኪም ስላመኑበት ይሁን በዘዴው ጥራት ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻልም። እኔ እንደሚመስለኝ ኃላፊዋ ሳይስማሙ የፈረቃ ሠንጠረዥ ማንም አይቀይርም፤ ስለዚህ ይሄ ራሱ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ይከብዳል። ማሳደጊያን ማሻሻል ማሳደጊያን ማራዘም አይሆንም ወይ? በዚያው በ2000 በሮማኒያ ዋና ከተማ ቡካሬስት ሌላ ጥናት ተጀምሮ ነበር። ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚያና ከስድስት ማሳደጊያዎች 136 ሕፃናት ወስደው ግማሾቹን በዕጣ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ አስገቧቸው። ቤተሰብ ያገኙት በብዙ ነገር በለጡ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት። ስለዚህ 92 ጥሩ ነው፣ ግን ቤት አይደለም። የሴንት ፒተርስበርጎቹም ቤተሰብን ይተካል አላሉም። ያሉት፣ ቤተሰብ እስኪገኝ ልጁ እየጠበቀ ነው፤ ሲጠብቅ አይሙት ነው። በዚህ እኔ ከነሱ ጋር ነኝ።

የበጎ ፈቃድ ጉዞው ግን ራሱ ማሳደጊያ የሚያራባበት ጊዜ አለ። ካምቦዲያን እዩ። በ2005 በአገሪቱ 154 ማሳደጊያዎች ነበሩ፤ በ2010 ቁጥሩ 269 ደረሰ። ወላጅ አልባ ልጅ በዝቶ አልነበረም፤ ከልጆቹ 77 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። የበዛው ጎብኚና በጎ ፈቃደኛ፣ እነሱ ይዘውት የሚመጡት ገንዘብም ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ገቢ ያመጣል ከተባለ፣ ልጆች ይፈለጉለታል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 ስለ ልጆች መብት ባወጣው ውሳኔ፣ በማሳደጊያዎች የሚደረግ የቱሪስትና የበጎ ፈቃድ ጉዞ ጉዳት እንደሚያመጣ ያነሳው ለዚህ ነው።

እና መሄድ የሚፈልግ ሰውስ?

"ታዲያ ቤቴ ልቀመጥ?" የሚል ሰው አለ። የለም። ግን ከመሄዱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ይቀየር። "ልጆቹን መያዝ እችላለሁ ወይ?" ብሎ አይጠይቅ። ሞግዚቶቹ ስንት ናቸው፣ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣሉ፣ አንዷ ስትለቅ ምን ይደረጋል፣ ወላጅ ያለው ልጅ ወደ ቤቱ እንዲመለስ የሚሠራ ሶሻል ወርከር አለ ወይ? ይህን ይጠይቅ። መልስ የሌለው ቤት የእሱን መምጣት ባይፈልገው ይሻላል፤ የሚፈልገው ከሆነ ደግሞ ለምን ብሎ ይጠይቅ።

ሙያ ያለው ሰው ከልጁ ይልቅ ለሞግዚቷ ይጠቅማል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበትን ልጅ አንድ ሳምንት ከማሻሸት፣ እንዴት አስቀምጠው እንደሚያበሉት ለሁለቱ ዋና ሞግዚቶች ቢያሳይ እሱ ከሄደ በኋላም ልጁ ሳይታነቅ ይበላል። የንግግር ባለሙያም እንዲሁ፣ የሒሳብ ባለሙያም እንዲሁ። ሙያ የሌለው ጓዳ ይግባ፤ ልብስ ይጠብ፣ ወለል ይወልውል። ሞግዚቷ ከወለሉ ተነስታ ከልጁ ጋር የምትቀመጥበት ግማሽ ሰዓት ይወጣል። ፎቶው አያምርም፣ እሱን አልክድም። የአውሮፕላን ቲኬቱ ገንዘብ የአንዲት ሞግዚት ስንት ወር ደመወዝ እንደሚሆንም ማስላት ነውር የለበትም።

ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ልመለስ። አጥኚዎቹ የፕሮጀክቱ ሥራ ካበቃ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ለኩ። ከስድስት ዓመት በኋላም የሞግዚቶቹ አያያዝ እንደተሻሻለ ነበር። በመካከሉ የሁለቱ አገሮች ነገር ተበላሸ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ሩሲያ አሜሪካውያን ሩሲያውያን ልጆችን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ ከለከለች። በሜይ 2014 ደግሞ የሩሲያ መንግሥት ቁጥር 481 የሆነውን ደንብ አወጣ፤ ከሴፕቴምበር 2015 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በማሳደጊያ አንድ ቡድን ከስምንት ልጅ አይበልጥ፣ ከአራት ዓመት በታች ከሆኑ ከስድስት አይበልጥ፣ ልጆች ያለ ምክንያት ከቡድን ቡድን አይዛወሩ፣ ወንድምና እህት አይለያዩ፣ ቆይታውም ጊዜያዊ ይሁን ይላል። ዋና ሐኪሟና ሞግዚቶቿ ደንቡ ከመውጣቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ክፍሉን ለሁለት ከፍለውት ነበር።